የካሉብ ጋዝ መጀመሪያ ለማን?



የኦጋዴን ጋዝ ወሬ ሦስት መንግሥታትን ያስረጀ ወሬ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ ቴኔኮ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ካሉብ ላይ ቆፍሮ ጋዝ አገኘ። ደርግ መጣ፤ የሶቪየት ባለሙያዎችን አስገባ፤ ካሉብና ሂላላ ላይ ጉድጓድ በጉድጓድ ላይ ተቆፈረ፤ ጋዙ ግን ከመሬት በታች ቀረ። ኢህአዴግ መጣ፤ የካሉብ ጋዝ አክሲዮን ማኅበር ተቋቋመ፤ ከዓለም ባንክ ብድር ተፈቀደ፤ ጋዙ አሁንም አልወጣም። የማሌዥያው ፔትሮናስ በ1999 ዓ.ም. ገብቶ በ2003 ዓ.ም. ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ። ከእሱ ቀጥሎ የመጣው ፔትሮትራንስ ደግሞ ወሬው ሳይበርድ ውሉ ተሰረዘ። በ2006 ዓ.ም. ፖሊ ጂሲኤል ከተባለው የቻይና ኩባንያ ጋር ተፈራረሙ። ሰኔ 2010 ዓ.ም. ድፍድፍ ነዳጅ በሙከራ ወጣ ተብሎ በቴሌቪዥን ሲታይ ብዙ ሰው የቤንዚን ሰልፍ ሊቀር ነው ብሎ ተደሰተ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ያው ውል ተቋረጠ ተባለ። እኔ የካሉብን ስም መጀመሪያ የሰማሁት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ ከጂኦግራፊ መምህራችን አፍ ነው። ዛሬ ፀጉሬ ሸብቷል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው?

አሁን ግን አንድ ነገር ተለውጧል። የተሠራውን አልተሠራም ማለት የእኛ ፓርቲ ልማድ ስላልሆነ በግልጽ እንናገረዋለን። መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. በካሉብ የመጀመሪያው የፈሳሽ ጋዝ ማምረቻ ተመርቋል። አቅሙ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ እንደሆነ መንግሥት ራሱ አስታውቋል። ከዚህ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ሁለተኛ ምዕራፍም የመሠረት ድንጋይ ተጥሎለታል። በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ይፋ በተደረገው መሠረት ከመሬት በታች ያለው ክምችት 7 ትሪሊዮን ኪዩቢክ ጫማ ያህል ነው። ስለዚህ ዛሬ ጋዙ አለ ወይስ የለም የሚለው ክርክር አልቋል።

የቀረው ክርክር ጋዙ መጀመሪያ ለማን ይሁን የሚለው ነው። ገዥው ፓርቲ በዚህ ጥያቄ ላይ ዝምታን መርጧል። ስለ ምርቃቱ፣ ስለ ሪባኑ፣ ስለ ታሪካዊነቱ ብዙ ሰምተናል። ስለ ታክሲ ሰልፉ የሰማነው ነገር የለም። የፓርቲያችን መልስ ግን አጭር ነው፤ ከዚህ ጋዝ የመጀመሪያው ድርሻ በሕግ ተቆርጦ ለከተማ የሕዝብ ትራንስፖርት ይሰጥ። የከተማው ሚኒባስ፣ የከተማው ባጃጅ፣ የከተማው አውቶቡስ ከቤንዚንና ከናፍጣ ወጥቶ በራሳችን ጋዝ ይሂድ።

ቤንዚኑ ምን እያደረገን ነው?

በሰኔ 2014 ዓ.ም. ማብቂያ አንድ ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ተባለ። ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ከእጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ከዚያም በኋላ ጭማሪው ቀጥሏል። የመምህሩ፣ የነርሷ፣ የቀበሌው ጸሐፊ ደመወዝ በዚሁ ልክ እጥፍ ሆኗል ወይ? ይህን ጥያቄ እኛ ልንመልስላችሁ አያስፈልግም። በየወሩ መጨረሻ ቦርሳችሁን ከፍታችሁ የምታዩት እናንተ ናችሁ።

የቤንዚን ጭማሪ መኪና ላለው ሰው ብቻ የሚተርፍ ጣጣ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። መኪና ያለው ሰው ቢያንስ መኪና አለው። ዋናው ዕዳ የሚያርፈው ጠዋት ሁለት ታክሲ፣ ማታ ሁለት ታክሲ በሚይዘው ሠራተኛ ላይ ነው። ከመርካቶ ወደ ሰፈር ሱቅ በሚመጣው ዘይትና ሽንኩርት ላይ ነው። ታሪፍ በይፋ ባይጨመር እንኳ ረዳቱ ጉዞውን ለሁለት ይቆርጥና ሁለት ጊዜ ያስከፍላል። ሾፌሩን ስትጠይቁት ሌሊቱን ማደያ ተሰልፎ ያደረበትን፣ ለባለንብረቱ የሚያስገባውን የቀን ገቢ፣ በሃይላንድ ከጥቁር ገበያ የገዛውን ቤንዚን ይቆጥርላችኋል። ሾፌሩ ሌባ አይደለም፤ ተሳፋሪውም ነዝናዛ አይደለም። ሁለቱን ያጣላቸው ሦስተኛ ወገን ነው።

ነዳጁ የሚገዛው በዶላር ነው። በጅቡቲ ወደብ በኩል በቦቴ ተጭኖ ነው የሚገባው። ዓለም ላይ ዋጋው ሲወጣ ይወጣብናል። የብር ዋጋ ሲወድቅ ደግሞ የዓለም ዋጋ ባለበት ቢቆም እንኳ ይወጣብናል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ የሆነው ይኸው ነው። መንግሥት መፍትሔ ብሎ ያመጣው ምንድን ነው? ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ በቴሌብር ክፈሉ አለን። የምንከፍልበት መንገድ ተለወጠ እንጂ ሰልፉ አልቀረም። ለታክሲና ለአውቶቡስ የታለመ ድጎማ አለ ተባለ፤ ጭማሪ በመጣ ቁጥር እየተሸረሸረ ሄደ። በእኛ እምነት ድጎማ ማስታገሻ ነው። በሽታው ራሳችን በማናወጣው ነዳጅ ላይ መንጠልጠላችን ነው።

የትኛው ጋዝ?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማጥራት ያስፈልጋል፤ በእኛ ቋንቋ ጋዝ የሚለው ቃል ብዙ ነገር ተሸክሟልና። ለእናቶቻችን ጋዝ ማለት የኩራዙ ነጭ ጋዝ ነው። ለአዲሱ ትውልድ ጋዝ ማለት የወጥ ቤቱ ቡታጋዝ ነው። ካሉብ ያለው ግን ሁለቱም አይደለም። እሱ አብዛኛው ክፍሉ ሚቴን የሆነ የተፈጥሮ ጋዝ ነው።

መኪና በዚህ ጋዝ የሚሄደው እንዲህ ነው። ጋዙ በከፍተኛ ግፊት፣ የከባቢ አየርን 200 እጥፍ በሚያህል ግፊት፣ ወፍራም ሲሊንደር ውስጥ ይታመቃል። ሲሊንደሩ ከመኪናው ኋላ ዕቃ መጫኛ ላይ ወይም ከወለሉ ሥር ይታሰራል። ከእሱ የሚወጣው ጋዝ ግፊቱ ተቀንሶ ቤንዚኑ ይገባበት ወደነበረው ሞተር ይገባል። ሞተሩ ያው ነው፤ ካንዴላውም ያው ነው። የቤንዚን ታንኩም ባለበት ይቀራል፤ ጋዙ ሲያልቅ ሾፌሩ ማብሪያ ማጥፊያ ነክቶ ወደ ቤንዚን ይመለሳል። አንድ ኪዩቢክ ሜትር ጋዝ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ትንሽ በለጥ ያለ ሥራ ይሠራል። ጉድለትም አለው። ሲሊንደሩ ቦታ ይይዛል፣ ይከብዳል፣ ዳገት ላይም የሞተሩ ጉልበት ቀነስ ይላል። የናፍጣ ሞተር ደግሞ እንዲህ በቀላሉ አይቀየርም፤ ትልቁን አውቶቡስ ሲገዛ ጀምሮ በጋዝ የሚሄድ አድርጎ መግዛት ይሻላል። እኔ ሕግ የተማርኩ ሰው ነኝ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ይሁን እንጂ ይህ ሥራ የሮኬት ሥራ እንዳልሆነ ለመረዳት መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ካንዴላንና ፍሪሲዮንን ጨምሮ የጋራዣችንን ቋንቋ ግማሹን ያወረሱን ጣሊያኖች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጀምረው መኪና በሚቴን ይነዳሉ። በየመንደራችን የሚርመሰመሰው ባጃጅም በተሠራበት በህንድ በጋዝ የሚሄድ ወንድም አለው።

አሁን ብዕርና ወረቀት ይዛችሁ አብረን እናስላ። 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ በጉልበቱ ሲመዘን ወደ 70 ሚሊዮን ሊትር ቤንዚን ይጠጋል፤ ፈሳሽ ጋዝ በሊትር ከቤንዚን ያነሰ ጉልበት ስላለው ነው። ለ365 ቀን ሲካፈል በቀን ወደ 200 ሺህ ሊትር ቤንዚን መሆኑ ነው። አንድ ሚኒባስ በቀን 35 ሊትር ይጠጣል ብለን እንያዝ። በመንገድ የሚባክነውን ቀንሰን ከ5 ሺህ የማያንሱ ሚኒባሶችን ዓመቱን ሙሉ ያንቀሳቅሳል ማለት ነው። ይህ የመጀመሪያው ትንሽ ምዕራፍ ብቻ ነው። 5 ሺህ ሚኒባስ ቀላል ነገር አይደለም። ድሬዳዋን፣ ሐረርን፣ ጅግጅጋንና አዳማን ደርሶ ለአዲስ አበባም ሊተርፍ ይችላል።

ከካሉብ አዲስ አበባ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ቧንቧ ሳይዘረጋ እንዴት ይመጣል? የሚል ሰው ትክክለኛ ጥያቄ ጠይቋል። መልሱ ፋብሪካው ውስጥ አለ። ጋዝ ከዜሮ በታች ወደ 162 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ፈሳሽ ይሆናል፤ መጠኑም ወደ 600 እጥፍ ያንሳል። ያን ጊዜ እንደ ነዳጅ በቦቴ ይጫናል። ከተማ ሲደርስ ማደያው ላይ ተመልሶ ጋዝ ይሆንና ወደ መኪናው ይሞላል። ዛሬ ከጅቡቲ ቤንዚን የሚያመላልስ ሀገር ከካሉብ ጋዝ ማመላለስ ያቅተዋል ብሎ የሚከራከር ካለ፣ የሚከራከረው ስለ መንገዱ ሳይሆን ስለ ፍላጎቱ ነው።

ለሚነሱ ተቃውሞዎች

አንዳንዶች ጋዝ ቦምብ ነው ይሉናል። ፍርሃቱ የመጣው ከቡታጋዝ አደጋ ነውና አንንቀውም። ግን ቡታጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ሲያፈተልክ ወለል ላይ ተኝቶ ክብሪት ይጠብቃል። ሚቴን ከአየር ይቀላል፤ ሜዳ ላይ ካፈተለከ ወደ ላይ ተበትኖ ይጠፋል። ለመቀጣጠልም ከቤንዚን የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ግን ጣሪያ ሥር ሊጠራቀም ይችላልና መተንፈሻ መከፈት አለበት። እውነተኛው አደጋ ሌላ ቦታ ነው። ያገለገለ አሮጌ ሲሊንደር ቀብቶ አዲስ ነው ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ፣ ሳይማር የሚገጥም ጋራዥ፣ ለቦሎ ምርመራ የመጣውን መኪና ሳያይ የሚፈርም መርማሪ፤ ሰው የሚፈጁት እነዚህ ናቸው። ሙስናን ሳይነኩ ስለ ደህንነት ማውራት አይቻልም።

ሌሎች ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና መጥቷል፣ ጋዝ ምን ያደርጋል? ይላሉ። ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ አግዷል። እኛ የኤሌክትሪክ ጠላት አይደለንም። የህዳሴው ግድብ ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ደስታው የሁላችንም ነበር፤ ቦንድ የገዛው ሕዝብ ነውና። ነገር ግን የመኪና ፖሊሲ የሚወጣው ለማን ነው? አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት አቅም ላለው ነው ወይስ በደሴ፣ በሐዋሳ፣ በጅማ ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ሚኒባስ ይዞ ስድስት ቤተሰብ ለሚያስተዳድረው ሰው? መንግሥት በሩን ዘጋ እንጂ በውስጥ ያሉት በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ተሽከርካሪዎች ምን ይሁኑ የሚለውን አላሰበበትም። እነዚህ መኪኖች ነገ ጠዋትም ቤንዚን ይጠይቃሉ። መብራት በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚጠፋ ደግሞ ከአዲስ አበባ ወጣ ያለ ሰው ያውቀዋል። ጋዝ ለእነዚህ ተሽከርካሪዎች መሻገሪያ ድልድይ ነው። ኤሌክትሪክ የሚገዛ ይግዛ፤ የማይችለው ግን ወንዙ ማዶ ቆሞ አይቅር።

በርቀት የሚነገረን ማዳበሪያም አለ። ነሐሴ 2017 ዓ.ም. ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ጋር በጎዴ የ2.5 ቢሊዮን ዶላር የዩሪያ ፋብሪካ ስምምነት ተፈርሟል፤ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ያመርታል፤ ጋዙንም ከካሉብና ከሂላላ በቧንቧ ይወስዳል ተብሏል። ገበሬው ማዳበሪያ ማግኘቱን የሚቃወም ኢትዮጵያዊ ይኖራል ብለን አናምንም፤ እኛም አንቃወምም። ይሁን እንጂ ከክምችቱ ስንት ለማዳበሪያ፣ ስንት ለውጭ ገበያ፣ ስንት ለሀገር ውስጥ እንደተመደበ በሕግ ካልተጻፈ፣ የከተማው ነዋሪ የሚደርሰው ከሁሉም የተረፈው ይሆናል። የተረፈ ደግሞ ሁልጊዜ ሳይተርፍ ይቀራል።

የሌሎች ሀገሮች ልምድ

በሕግ ሙያዬ ደጋግሜ ያነበብኩት አንድ ጉዳይ አለ። ኤም.ሲ. ሜህታ የተባሉ ህንዳዊ ጠበቃ እ.ኤ.አ. በ1985 የዴልሂ አየር ነዋሪውን እየመረዘ ነው ብለው መንግሥትን በጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. ጁላይ 1998 የከተማይቱ አውቶቡሶች በሙሉ እስከ ማርች 31 ቀን 2001 ድረስ ወደ ተፈጥሮ ጋዝ እንዲዞሩ አዘዘ። ባለሥልጣናቱ ጋዝ የለም፣ ጊዜ አይበቃም፣ ናፍጣም ተሻሽሏል እያሉ ሰበብ ደረደሩ። ቀነ ገደቡ አለፈ። ማደያው ሳይበቃ አውቶቡሱ ስለቀደመ ሾፌሮች ለሰዓታት ተሰለፉ፤ ተሳፋሪውም ተንገላታ። ዳኞቹ ግን ትእዛዛቸውን አላጠፉም። እ.ኤ.አ. በ2002 ማብቂያ የዴልሂ የከተማ አውቶቡሶች በጋዝ ይሄዱ ነበር። ከዚህ ጉዳይ ሁለት ነገር ወስደናል። አንደኛው፣ ነፃ ፍርድ ቤት ያለበት ሀገር መንግሥቱን ወደደም ጠላም ሥራ ሊያሠራው እንደሚችል ነው፤ በእኛ ሀገር እንዲህ ያለ ትእዛዝ የሚሰጥ ዳኛ በማግሥቱ ችሎቱ ላይ እንደሚቀመጥ እርግጠኛ የሆነ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ሁለተኛው፣ ማደያው ከመኪናው መቅደም እንዳለበት ነው።

ግብፅ ይህን ሥራ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። ዛሬ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ መኪኖቿ በጋዝ ይሄዳሉ። የካይሮ ታክሲ ነጂ የመቀየሪያውን ገንዘብ አንድ ጊዜ ከኪሱ አላወጣም። በብድር ይገጠምለታል፤ ከዚያ በሞላ ቁጥር ከቤንዚን ባተረፈው ላይ ጥቂት ጥቂት እየተቆረጠበት ይከፍላል። ዓባይን በተመለከተ ከግብፅ ጋር የምንከራከረው ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከጎረቤት መልካሙን መቅዳት ግን ነውር የለውም።

ፓኪስታንን ደግሞ እንደ ማስጠንቀቂያ እንጥቀሳት። በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖች በጋዝ እንዲሄዱ ፈቀደች፤ ማደያ በየመንገዱ ተተከለ፤ ክምችቱ ምን ያህል እንደሚበቃ ግን በቅጡ አልታሰበበትም። ጋዙ ሲያንስ ማደያዎቹ በሳምንት የተወሰኑ ቀናት እንዲዘጉ ታዘዘ፤ ሰልፉ ኪሎ ሜትር ፈጀ። ለዚህ ነው የእኛ ፓርቲ ለሁሉም መኪና ጋዝ እንሰጣለን ብሎ ለመመረጥ የማይቀጥፈው። የሕዝብ ትራንስፖርት ይቀድማል፤ የግል መኪና ባለቤት ተራውን ይጠብቃል። ይህን ስንናገር ጥቂት ድምፅ እንደምናጣ እናውቃለን።

ቅርባችን ያለችው ታንዛኒያም ከሶንጎ ሶንጎ ደሴት ጋዝ ማውጣት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ዳሬሰላም ውስጥ ባጃጅና ታክሲ በጋዝ ሲሄዱ ይታያል፤ ጥቅሙን ሾፌሮቹ ራሳቸው ስላወቁት ይሻማሉ። ማደያው ግን ለብዙ ዓመታት በጣት የሚቆጠር ስለነበር ጋዝ ለመሙላት ሰዓታት ይፈጅባቸዋል። ርካሽ ነዳጅ ከረጅም ሰልፍ ጋር ግማሽ መፍትሔ ነው።

ውሉን አሳዩን

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። አንቀጽ 40 የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። አንቀጽ 98 ደግሞ ከነዳጅና ከጋዝ ሥራ የሚገኘውን ግብርና የሮያሊቲ ክፍያ ፌዴራሉና ክልሎች በጋራ እንደሚጥሉና እንደሚሰበስቡ ይደነግጋል። በዚህ ሕገ መንግሥት ላይ ብዙ ቅሬታ ያለን ወገኖች ነን። ገዥው ፓርቲ ግን የራሴ ነው የሚለውን ሕግ እንኳ ቢያከብርልን ምን ነበረበት? ለመሆኑ ከእናንተ መካከል የካሉብን የጋዝ ውል ያነበበ አለ? ኩባንያው ስንት ይወስዳል፣ ሀገሪቱ ስንት ታገኛለች፣ ስንት ሊትር በሀገር ውስጥ እንዲሸጥ ይገደዳል የሚለውን በጋዜጣ ታትሞ ያየ አለ? ከአንድ ኩባንያ ጋር የገባነውን ውል አቋርጠን ዞረን ከዚያው ቤተሰብ ጋር ስንሠራ ምክንያቱን ለሕዝብ ያስረዳ ባለሥልጣን ማን ነው?

የሶማሌ ክልል ወገኖቻችንን ሳናነሳ ብናልፍ ይህ ጽሑፍ ራሱ ጎደሎ ይሆናል። በዚያ ምድር ላይ ለዚህ ሀብት ፍለጋ ደም ፈስሷል። ሚያዝያ 1999 ዓ.ም. አቦሌ በሚገኝ የነዳጅ ፍለጋ ካምፕ ላይ በደረሰው ጥቃት 65 ኢትዮጵያውያንና 9 ቻይናውያን ተገድለዋል። ጥቃቱን ማንም ሊያጸድቀው አይችልም። ከእግሩ ሥር ሀብት እየወጣ የውሃ ጉድጓድ የሚለምን አርብቶ አደር ባለበት ግን ሰላም በወታደር ብቻ አይጠበቅም። የአዲስ አበባ ተሳፋሪ በርካሽ ሲሄድ የሽላቦ እናት ጀሪካን ተሸክማ ኪሎ ሜትሮች የምትሄድ ከሆነ፣ ፓርቲያችን ያን ዓይነት ርካሽ ትራንስፖርት አይፈልግም። የመጀመሪያዎቹ የጋዝ ማደያዎች የሚተከሉትም በዚያው ክልል ከተሞች ይሆናል።

ብንመረጥ የምንሠራው

በመጀመሪያው የምክር ቤት ዘመን ዓመት የሀገር ውስጥ የጋዝ ድርሻ አዋጅ እናቀርባለን። ከሚመረተው ጋዝ ለሕዝብ ትራንስፖርት የሚቆረጠው ድርሻ በቁጥር ይጻፋል፤ ውሎቹ ይታተማሉ፤ በየሦስት ወሩ ስንት ተመረተ፣ ስንት ወደ ውጭ ወጣ፣ ስንት ለከተሞች ደረሰ የሚለው ለምክር ቤቱ ይቀርባል። የአንድ ኪዩቢክ ሜትር ጋዝ የማደያ ዋጋ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ሁለት ሦስተኛ እንዳይበልጥ ጣሪያ ይደረግለታል። ዋጋው የወረደለት ታክሲ ታሪፉን ካላወረደ ግን ልፋታችን ከንቱ ስለሆነ፣ በጋዝ የሚሄድ ሚኒባስ በቀለሙ ይለያል፤ ታሪፉም በበሩ ላይ ይለጠፋል።

ማደያው ከመኪናው ይቀድማል። ቦቴው ከካሉብ ተነስቶ በሚያልፍበት መንገድ ከቀብሪደሃር እስከ ጅግጅጋ፣ ከዚያም ሐረርና ድሬዳዋ፣ ቀጥሎ አዳማና አዲስ አበባ። የባሕር ዳር፣ የጎንደር፣ የመቀሌና የጅማ ነዋሪ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ይህን ጋዝ አያየውም፤ ያያል ብለን አንዋሽም። ሁለተኛው ምዕራፍ ሲያመርት ተራው የእነሱ ነው፤ አዋጁም ይህን ተራ በጽሑፍ ያስቀምጣል።

ሲሊንደርና መቀየሪያው ያለ ቀረጥ ይገባል። የሚገጥመው ጋራዥ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሠልጥኖ ፈቃድ ያወጣ ይሆናል። እያንዳንዱ ሲሊንደር ቁጥር ይኖረዋል፤ በየጥቂት ዓመቱም በውሃ ግፊት ይፈተሻል፤ ያልተፈተሸ ቦሎ አይለጠፍለትም፤ ሳያይ የፈረመ መርማሪ በወንጀል ይጠየቃል። ከተሞች ከአሁን በኋላ የሚገዟቸው ትልልቅ አውቶቡሶች በኤሌክትሪክ ወይም በጋዝ የሚሄዱ ይሆናሉ፤ የናፍጣ ጭስ ለሕፃናት ሳንባ ምን እንደሆነ ሜክሲኮ አደባባይ አውቶቡስ የጠበቀ ሁሉ ያውቃል።

የሚኒባስና የባጃጅ ባለንብረት መቀየሪያውን በብድር ያስገጥማል፤ ዋስትናው መኪናው ራሱ ነው፤ ቤት ወይም ሰው አይጠየቅም። ብድሩ የሚመለሰው በሞላ ቁጥር ከሚቆረጥ ትንሽ ገንዘብ ነው። መንግሥት በገባው ውል መሠረት ጋዝ ባላቀረበበት ቀን፣ ሾፌሩ ወደ ቤንዚን ተመልሶ በሚሠራበት ቀን ሁሉ፣ የዚያ ቀን ክፍያ አይቆጠርበትም፤ ወለዱም አይታሰብበትም።